አስተያየት፦ አሮጌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ለማገዶ አይሸጥ፤ ለልጆቹ ባቡር ይሰጥ



ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሳለ ከጎረቤቴ የባቄላ አጥር ላይ ሦስት ክንድ ያህል ሽቦ ተቆርጦ መወሰዱን የማያስታውስ ያለ አይመስለኝም። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም ሁለት ቤተሰብ ለሳምንት ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሶ ነበር። በኋላ ሽቦው የተገኘው ከእኔው ቤት፣ ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ አልጋ ሥር ነው። በበኩሌ የሠራሁትን አልደብቅም፤ ሳልጠይቅ ገረፍኩት። ሌባ አልኩት፤ ያውም ሰው እየሰማ።

ማታ እልሁ ሲበርድልኝ የአልጋውን ሥር ፈተሽኩ። ሽቦው ለሁለት ተከፍሎ፣ ቀጥ ተደርጎ፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይ ጎን ለጎን ታስሯል። አጠገቡ አራት ቆርኪና አንድ የሳሙና ካርቶን አለ። «ይህ ምንድነው?» ብለው «ሐዲድ» አለኝ። ቀጥሎም እያለቀሰ፣ «አባዬ፣ ባቡር መሪ ከሌለው እንዴት ይታጠፋል?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ዕድሜዬን ሙሉ የቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ስሠራ ስለ መኪና እንጂ ስለ ባቡር ያሰብኩበት ቀን የለም። ባቡር ያየሁትም አንድ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ሄጄ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማውን ቀላል ባቡር ነው።

በማግሥቱ ጎረቤቴን ይቅርታ ጠይቄ፣ የሽቦውን ዋጋ ከፍዬ፣ ከልጄ ጋር አብረን ሥራውን ያዝን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን ለማካፈልና ማኅበራችን አንድ ነገር እንዲያደርግ ለመጠየቅ ነው።

አስቀድሜ የልጄን ጥያቄ ልመልስ፤ እናንተም በቤታችሁ ልትሞክሩት ትችላላችሁና። ሁለት የፕላስቲክ ኩባያ ውሰዱ። አፍ ለአፍ ገጥማችሁ በፕላስተር አጣብቋቸው፤ መካከሉ ወፍራም፣ ጫፍና ጫፉ ቀጭን ይሆናል። ሁለት ቀጥ ያለ ዘንግ ጎን ለጎን አጋድማችሁ በትንሹ አዘቅዝቁና ኩባያዎቹን ከላይ ልቀቋቸው። ወደ ግራ ቢያዘነብል ራሱን ያርማል፤ ወደ ቀኝም ቢሆን እንዲሁ። አሁን ደግሞ ቂጥ ለቂጥ አጣብቋቸውና ልቀቁ፤ ጥቂት እንደሄደ ይወድቃል። የባቡር ጎማም አሠራሩ እንደ መጀመሪያው ነው፤ በውስጥ በኩል ሰፋ፣ በውጭ በኩል ጠበብ ያለ ሲሆን ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ብረት ላይ ተጣብቀው እኩል ይሽከረከራሉ። ወደ አንድ ጎን ሲገፋ የዚያ ወገን ጎማ በሰፊው አካሉ ስለሚሽከረከር ቀድሞ ይሄድና ወደ መሐል ይመልሰዋል። ከውስጥ በኩል ያለው ከንፈር ደግሞ ጨርሶ እንዳይወጣ ይይዘዋል። መሪ የማያስፈልገው ስለዚህ ነው። ይህን ሳስረዳው ልጄ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ቆርኪውን አገላብጬ ነዋ ያሰርኩት!» እውነቱን ነው። የቆርኪ ክፍቱ ወገን ሰፋ ያለ ስለሆነ ያ ወገን ወደ ውስጥ መዞር አለበት።

አንዳንድ ሰዎች፣ «ባቡር በሌለበት አገር የባቡር ጨዋታ ምን ይረባል?» ይላሉ። አንድ የማከብራቸው ሽማግሌ ኦቦም ይህንኑ ነግረውኛል። እውነት ነው፣ ወደ ኢሉባቦር የሚመጣ ሐዲድ የለም። ዳሩ ግን ባቡር ከእኛ ኑሮ ጋር ተያይዞ የኖረ ነገር ነው። በአፄ ምኒልክ ፈቃድ ከጅቡቲ መዘርጋት የጀመረው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር፣ በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1 ሜትር፣ አወጣጡም ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ነበር። በዚያው ዘመን የእኛ አገር ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ወርዶ፣ ባሮ በክረምት ሲሞላ በመርከብ ወደ ሱዳን ይሄድ ነበር። ወንዙ ሲጎድል ንግዱ ይቆማል። ዛሬ ግን ቡናችን ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በአዲስ አበባ በኩል ጅቡቲ ይወርዳል። ስለዚህ ሐዲዱ እኛ ዘንድ ባይደርስም የሸቀጣችንን አቅጣጫ ለውጧል። ይህን ለልጅ ብታስረዱት ካርታ ማንበብ ይጀምራል።

በሌላ በኩል ድሬዳዋን ተመልከቱ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ከሥር ባለው ሜዳ አለፈ፤ ጣቢያው በተተከለበትም ቦታ ከተማ በቀለ። አዲስ አበባ ለገሃር የምንለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው፤ ጣቢያ ማለት ነው። አሁን ደግሞ አሮጌው መስመር ሥራውን ለአዲሱ ለቆለታል። በኤሌክትሪክ የሚሄደውና 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አዲሱ የኢትዮጵያና የጅቡቲ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ነጂ፣ ጠጋኝ፣ መሐንዲስ ያስፈልጋል። ያ ሰው ከኖፓ የማይወጣበት ምክንያት ምንድነው?

ወደ ሥራው ልመለስ። በውጭ አገር ይህ ጨዋታ ትልቅ ሙያ ነው። የጀርመኑ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ማርክሊን እ.ኤ.አ. በ1891 መጠኑ የታወቀ የባቡር አሻንጉሊት ከነሐዲዱ ለላይፕዚግ ገበያ አቅርቧል። በአሜሪካም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1946 የባቡር ሞዴል ክበብ አቋቁመው፣ የሐዲዱን ኤሌክትሪክ ሲያገጣጥሙ ከቆዩት መካከል አንዳንዶቹ በኋላ ከቀደምቶቹ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ሆነዋል። የፋብሪካው ዕቃ ውድ ነው፤ እኛም አያስፈልገንም። የሚያስፈልገው ልክ ማወቅ ነው።

እኛ የመረጥነው ልክ 1 ለ50 ነው። ምክንያቱም ሒሳቡ ቀላል ነው፦ የ1 ሜትሩ ሐዲድ 2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ 12 ሜትር የሚረዝም ፉርጎ 24 ሴንቲ ሜትር፤ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው 3 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር። በዚህ ልክ የድሮውን መስመር ሙሉውን እንሥራ ብንል ወደ 16 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያሻናል! ስለሆነም ጀማሪ አንድ ጣቢያ ብቻ ይምረጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልሥራ ሲል ነው፤ ድልድዩን፣ ዋሻውን፣ ከተማውን ይጀምርና አንዱንም ሳይጨርስ ይተወዋል።

መጀመሪያ የማይጣመም ጣውላ ይገኝ። ከዚያ ቀርከሃ ተሰንጥቆ 4 ሴንቲ ሜትር እየሆነ ይቆረጥና አግዳሚ ይሁን። ሽቦው በፒንሳ ተጎትቶ ቀጥ ይደረግና በአግዳሚው ላይ በኮላና በቀጭን ማሰሪያ ይያዝ። እዚህ ላይ ዋናው ምስጢር መለኪያዋ ናት፤ ልክ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነች እንጨት በሞረድ ተስተካክላ ትሠራና በየጣት እርምጃው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ትግባ። የላላበት ቦታ ባቡሩ ይወድቃል፤ የጠበበበት ቦታ ይቆማል። በእኛ ሥራ ላይ ይህችን መለኪያ ከሁሉ በላይ በትዕግሥት የያዘችው የጎረቤቴ የትንሿ ልጅ ናት፤ ያውም ሽቦው የተቆረጠበት ሰውዬ ልጅ። ልጄ ሲቸኩል «ቆይ፣ እዚህ ጋ ላልቷል» እያለች ታስቆመዋለች። ሴት ልጆቻችንን ውኃ ቅጂ ብቻ እያልን እንዲህ ያለውን ዓይን እንደምናባክን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ለጎማው ቆርኪ፣ ለመዘውሩ ምስማር፣ ምስማሩ ለሚሽከረከርበት የእስክሪብቶ ቀፎ ይበቃል። ቆርኪዎቹ ከምስማሩ ጋር ጠብቀው ይጣበቁ፤ በየግላቸው ከተሽከረከሩ ያ የኩባያው ጥበብ አይሠራም። መስመሩ የግድ ክብ መሆን የለበትም። ክብ ለመሥራት ከመሐል እስከ ዳር ቢያንስ ግማሽ ሜትር፣ ማለት ከዳር እስከ ዳር ከ1 ሜትር የሚበልጥ ጣውላ ይጠይቃል። ከጣቢያ ወደ ጣቢያ ቀጥ ያለ መንገድ ለጀማሪ ይሻላል፤ በእጅ እየገፉ ጭነት ማድረስ ራሱ ጨዋታ ነው።

ኤሌክትሪክን በተመለከተ አጥብቄ ላሳስብ። በፋብሪካ ሞዴሎች ኃይሉ በሁለቱ ሐዲዶች በኩል ያልፋል፤ ብዙውን ጊዜም 12 ቮልት ነው። የቤታችን ግን 220 ቮልት ነውና ማንም ልጅ ከግድግዳ ሶኬት ሽቦ ስቦ ሐዲድ ላይ እንዳያገናኝ! ይህ ጨዋታ ሳይሆን ሞት ነው። ከተበላሸ ቴፕ የወጣች ትንሽ ሞተርና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ለባቡራችን በቂ ናቸው፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም።

ከጨዋታው የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም። አንድ ቀን ልጆቹ አጭር ኩርባ ሠርተው ፉርጎውን በኃይል ሲገፉት ተገልብጦ ወለል ላይ ወደቀ። ሳቁ። እኔ ግን በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰውን ነገርኳቸው። ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ውስጥ በመግባቱ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ዝም አሉ። ከዚያ ማንም ሳያዛቸው ከኩርባው በፊት «ቀስ በል» የሚል ምልክት ሠርተው ተከሉ። ይህን በመግረፍ የሚያስተምር አባት ካለ ይንገረኝ።

«ጥናታቸውን ይሻማል» የሚለውን ወቀሳ አልክደውም። ለዚህም በእኛ ቤት ደንብ አለ፦ የቤት ሥራ ሳይጨረስ ሐዲድ አይነካም፤ የቡና ለቀማ ሲደርስ ጣውላው ግድግዳ ተደግፎ ይቆያል። ደንቡን ልጆቹ ራሳቸው ያከብሩታል፤ የሚወዱት ነገር ስላላቸው።

እንግዲህ ጥያቄዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ነዋሪዎች ቁርጥራጭ ሽቦ፣ ቆርኪ፣ ካርቶን፣ የተበላሸ ሬዲዮ ስትጥሉ እባካችሁ ወደ ማኅበሩ አዳራሽ ላኩልን። ልጆቻችን ከአጥር የሚቆርጡት የሚሰጣቸው ስላጡ ነው። ሁለተኛ፣ ወላጆች በቤታችሁ አንዲት ማዕዘን ስጧቸው፤ አልጋ ሥር የሚደበቅ ሙያ ሌብነት ይመስላል። ሦስተኛ፣ ይህ አዲሱ ሰሌዳ ሲተከል የተነሣው አሮጌው የማስታወቂያ ሰሌዳችን ከአዳራሹ ጀርባ ዝናብ እየመታው ነው። ለማገዶ ይሸጥ የሚል ሐሳብ መኖሩን ሰምቻለሁ። ለክቼዋለሁ፤ 2 ሜትር በ80 ሴንቲ ሜትር ነው። በእኛ ልክ 100 ሜትር ሐዲድ ይይዛል፤ አንድ ጣቢያ ከነመጋዘኑ ይበቃዋል። የማገዶውን ዋጋ ኮሚቴው ከተመነ እኔና ጎረቤቴ ተካፍለን እንከፍላለን።

ጎረቤቴ ስል ያው የባቄላ አጥሩን ባለቤት ነው። ባለፈው እሑድ መጥቶ ልጆቹ ጣቢያውን ምን ብለው እንደሚሰይሙት ሲጠይቅ ለገሃር ወይም ድሬዳዋ የሚሉ መስሎኝ ነበር። ልጄ ግን በካርቶን ላይ አስቀድሞ ጽፎ ጨርሷል፦ «ኖፓ ጣቢያ»። ጎረቤቴ አየት አድርጎት ወጣና ጥቂት ቆይቶ አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ ተመለሰ።

ኮሚቴው በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩን እንዲያይልኝ በትሕትና አመለክታለሁ።

አንድ የመንደሩ ነዋሪ
ኖፓ