መነጽረ ምናብና የጎጃም ዐይን

በዘመናችን ስለ ሕክምና በሚጻፈውና በየጉባኤው በሚነገረው ሁሉ ውስጥ እየተመላለሰ የሚመጣ አንድ ሐሳብ አለ፤ ይኸውም ሐኪም በሌለበት አገር መሣሪያ የሐኪሙን ወንበር ይይዛል፣ ሌላው ዓለም በመቶ ዓመት ድካም የደረሰበትን ማዕርግ ድኻው አገር በአንድ ዝላይ ያገኘዋል የሚል ነው። ከዚህ ሐሳብ ቅርንጫፎች አንዱ፣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የተባለውን በራስ ላይ የሚጠለቅ መነጽር የዐይንን እንቅስቃሴ ከሚከታተል ካሜራ ጋር አዋሕዶ፣ ሸውራራነትን፣ ያለ ፈቃድ የሚርበተበት ዐይንን፣ የዐይን ጡንቻና ነርቭ መስነፍን በገጠር ጤና ጣቢያ መለየት ይቻላል የሚለው ነው። መሣሪያውን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም አልፎ እስከ ወንበርማ ቆላ ድረስ ለሚኖረው ሕዝብ እንደ ፈውስ ሆኖ የሚሰበክበትን ስብከት ነው።

በመነጽሩ ውስጥ ለዐይን የማይታይ ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሰጡ ጥቃቅን መብራቶችና ካሜራዎች አሉ። ብርሃኑ ከብሌኑ ፊት ባለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን፣ ማለት በኮርኒያው ላይ፣ ሲያርፍ እንደ ነጥብ ያብለጨልጫል፤ ካሜራውም በዚህ ነጥብና በብሌኑ መካከል ያለውን ርቀት እየለካ ዐይን ወዴት እንዳቀና በአንዲት ሴኮንድ ብዙ ጊዜ ይመዘግባል። ይሁን እንጂ የጥበቡ ሥር አሮጌ ነው። ዩልየስ ሂርሽበርግ የተባለው የበርሊን ሐኪም በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሻማ በሕመምተኛው ፊት ይዞ፣ የነበልባሉ ነጸብራቅ በሁለቱ ብሌኖች ላይ የት የት እንዳረፈ በመመልከት ብቻ የሸውራራነትን መጠን ይገምት ነበር፤ ዛሬም ይኸው ምርመራ በእጅ ባትሪ ይሠራል፣ ነጸብራቁም ከቦታው አንድ ሚሊሜትር ፈቀቅ ባለ ቍጥር ዐይኑ 7 ዲግሪ ግድም መዞሩን ይናገራል። ጧፍ ከማይታጣበት ከጎጃም ምድር ሆኖ ለሚያየው ሰው፣ ውዱ መነጽር የዚያ ሻማ የልጅ ልጅ ነው።

ነገሩ ሁሉ በዚያች ነጥብ ላይ የቆመ ከሆነ ግን፣ ነጥቢቱን የሚያንጸባርቀው ኮርኒያ ጠባሳ በበላው ጊዜ ምን ይሆናል? የአማራ ክልል ትራኮማ በዓለም ላይ ክፉኛ ከጸናባቸው አገሮች አንዱ መሆኑን፣ የካርተር ማእከልም ከሃያ ዓመት በላይ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር መድኃኒት ሲያድል መኖሩን የማያውቅ የለም። በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዐይነ ስውር መሆኑን ሲያስረዳ፣ ግማሹን ያህል የሞራ ግርዶሽ፣ ከመቶ ዐሥራ አንድ የሚሆነውን ደግሞ የትራኮማ ጠባሳ እንዳጠፋው ገልጧል። በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ገበያ ላይ፣ በአንገቷ ማተብ ወረንጦ ያንጠለጠለች ባልቴት ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ እየታጠፈ ብሌኗን ሲፈገፍገው፣ ጎረቤቷን ጠርታ አንድ በአንድ ታስነቅለዋለች። የእርሷን ዐይን ለካሜራው ብናቀርብለት፣ ሽፋሽፍቱ መንገድ ይዘጋበታል፣ የወረደው ሽፋል ብሌኑን ይሸፍንበታል፣ የጠባሳውም ብዥታ ነጥቢቱን ይበትንበታል። መሣሪያው ለመመርመር አስቀድሞ ጤነኛ ዐይን ይፈልጋል ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። መሣሪያው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ተመርማሪው ጥቂት ነጥቦችን ተራ በተራ ትኵር ብሎ እንዲመለከት ይታዘዛል፤ መሣሪያውም ሰውየው በእውነት ነጥቡን እያየ ነው ብሎ አምኖ ልኩን ያስተካክላል። ዐይኑ የሚርበተበት ሰው ግን በሽታው ትኵር ብሎ መቆየት አለመቻሉ ነው፤ የሸውራራውም አንድ ዐይን በነጥቡ ላይ ሲያርፍ ሁለተኛው ወደ ሌላ ይመለከታል። የሠለጠነ ባለሙያ ይህን እያወቀ እያንዳንዱን ዐይን ለብቻው ሸፍኖ ያስተካክለዋል፤ ነገር ግን መሣሪያው የመጣው ባለሙያ ስለሌለ ነው አልተባለም እንዴ?

በአንጻሩ በየደብሩ ፊደል የሚያስቆጥሩትን የኔታን ተመልከቱ። በስንደዶ እያመለከቱ ሀ ሁ ሂ ሲያስብሉ፣ ፊደሉን በቃላቸው ያውቁታልና ዐይናቸው ከገበታው ይልቅ በልጁ ፊት ላይ ነው። ከልጆቹ አንዱ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ፣ በዐይኑ ጠርዝ ካልሆነ አላነብም ይላል፤ ቀና በል ብለው ሲገሥጹት ፊደሉ ይጠፋዋል፣ ወደ ልማዱ ሲመለስ ደግሞ ያለ ስሕተት ይወርደዋል። ይህ ልጅ አመለኛ አይደለም፤ የሚርበተበተው ዐይኑ ጸጥ የሚልበትን አንድ አቅጣጫ በራሱ አግኝቶ፣ በዚያ እየተጠጋ ነው የሚያነብ። የኔታ የበሽታውን ስም አያውቁትም፣ ምልክቱን ግን አይተዋል፤ ለእርሳቸውና ለአንደኛ ደረጃ መምህራን ይህ ምልክት ወደ ጤና ጣቢያ የሚያስልክ መሆኑን የነገራቸው የለም። መንገሩም ገንዘብ አይጠይቅም።

ደግሞም የዐይን መዞር በብዙው ምልክት እንጂ ራሱ በሽታው አይደለም። በሕፃን ዐይን ውስጥ የሚበቅለው ሬቲኖብላስቶማ የተባለው ካንሰር አንዳንድ ጊዜ መጀመሪያ የሚታወቀው በሸውራራነት ነው፤ የመዞሩን ማዕዘን እስከ ዲግሪ ክፍልፋይ የለካ መነጽር የዐይኑን ጓዳ አብርቶ ካላየ፣ ልጁን በትክክል ለክቶ ለሞት ያሰናብተዋል። የደምበጫ አረቄ አዘውትሮ ምግብ የተወ ጎልማሳ ዐይኑ ወደ ጎን አልዞር ብሎት፣ እግሩም እየተንገዳገደ ቢመጣ፣ የሚያድነው ሳይዘገይ የሚሰጠው የቫይታሚን ቢ 1 መርፌ ነው። ካታህና ኒውማን ቶከር ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ያሳተሙት ጥናትም፣ በድንገተኛ የራስ ማዞር ላይ በአልጋ አጠገብ የሚደረግ የዐይን ምርመራ የአንጎልን ምት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከኤም.አር.አይ. ይበልጥ እንደሚይዝ አሳይቷል። ያን ምርመራ ያደረጉት የበቁ ሐኪሞች ናቸው የሚለኝ ቢኖር፣ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።

ወደ ፍሬ ነገሩ ስንመጣ፣ መነጽሩ ሁሉን በትክክል ለይቶ አወቀ እንበል፤ ከዚያስ? ዊልሰንና ዩንግነር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ለዓለም ጤና ድርጅት የጻፉት ሥርዐት፣ ለተገኘው በሽታ ሕክምና በሌለበት ሕዝብን ለምርመራ መጥራት አይገባም የሚል ነው። የሸውራራ ሕፃን ዐይን በቀዶ ጥገና የሚቀና ሲሆን ማደንዘዣ ሰጪና ልዩ ሐኪም ይፈልጋል፤ ከፍኖተ ሰላም ባሕር ዳር 176 ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ጦርነት ምክንያት አንድ ጊዜ ሲከፈት ሌላ ጊዜ የሚዘጋ ሆኗል። የተመዘገበውን በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ሐኪም እንልካለን የሚሉትም፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ የተቋረጠው የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለስንት ወር እንደ ጠፋ ይጠይቁ። ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ሳይሞላው ካልታከመ ደግሞ፣ አንጎሉ የዞረውን ዐይን መስማት ትቶ ሊቀር ይችላል፤ ጊዜው ሳያልፍ ለዚያ ዐይን መድኃኒቱ በአብዛኛው የዐይን መነጽርና ጤነኛውን ዐይን በየቀኑ ጥቂት ሰዓት የሚሸፍን ጨርቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ ዐይነ ሥጋ ሊይዘው የማይችለውን ረቂቅ እንቅስቃሴ መሣሪያው ይይዛል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የዐይን ሕክምና በሚማሩና በሚያስተምሩ እጅ ቢገባ፣ የጎጃምን ባለ ጠባሳ ዐይን ጨምሮ የአገሩን ሰው ልክ መዝግቦ ለማኖር ይረዳ ነበር፤ ዛሬ ጤነኛና ሕመምተኛ የሚለይበት ልክ በአብዛኛው የሌላ አገር ሰው ልክ ነውና። ነጋዴው ግን ዕቃውን ለዞኑ ጤና መምሪያ ሊያሳይ በመጣ ጊዜ፣ የመምሪያው ሹም መነጽሩን ከጠረጴዛው ማዶ በተቀመጠው ጤነኛ ወጣት ጸሓፊ ራስ ላይ እንዲጭነው አይፍቀድለት፤ ወረንጦ ያንጠለጠለችውን ባልቴትና ነጥቡን ትኵር ብለህ እይ ቢሉት የማይታዘዘውን፣ ገና አራት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን አስቀርቦ፣ በእነዚህ ላይ አሳየኝ ይበለው።