ስለ ምርመራ መዝገብ ርክክብ

ማናቸውም ሥራ የሚቃናው ባለቤቱ ሲታወቅ ነው። አባቶቻችን «ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ብለው የተረቱት ለከብትና ለእርሻ ብቻ ሳይሆን በመሥሪያ ቤት ለሚቀመጠው መዝገብ ጭምር የሚሆን ምሳሌ ነው። ይልቁንም በመዝገቡ ውስጥ ያለው ነገር የሰው ነፃነትና የሰው ክብር ሲሆን፥ ባለቤት ያጣ መዝገብ ፍርድ ያጣ ሰው ማለት ነው።

ዛሬ በኮምፒውተርና በስልክ የሚፈጸመውን ወንጀል የሚመረምሩ ሰዎች ሥራቸውን የሚመዘግቡት ለዚሁ በተሠራ ሶፍትዌር ነው። በዚህም ሶፍትዌር እያንዳንዱ ጉዳይ ቁጥር አለው፤ የተገኘው ማስረጃ፥ የተፈጸመውና የቀረው ሥራ በሥሩ ይጻፋል፤ ጉዳዩን በኃላፊነት የያዘው መርማሪም በስሙ ይታወቃል። መርማሪው ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ወይም ሥራውን ሲለቅ ስሙ ካልተለወጠ ግን፥ መዝገቡ በሌለ ሰው እጅ እንደ ተያዘ ይቀራል፤ ቀጠሮ ያልፋል፤ ጠያቂም ይጠፋል።

ይህን የባለቤትነት ለውጥ አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ወኪል ሊፈጽመው ይችላል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባለውን የመገናኛ ደንብ ካወጣ ወዲህ፥ እንዲህ ያለውን ወኪል ከልዩ ልዩ ሶፍትዌር ጋራ ማገናኘት ቀላል ሆኗል። አለቃው «የእገሌን መዝገቦች ለእገሌ አስተላልፍ» ብሎ በተራ ቋንቋ ቢያዝዘው፥ ወኪሉ መዝገቦቹን ፈልጎ ባለቤታቸውን ይለውጣል። ድካም የሚቀንስ መሣሪያ ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ስም መለወጥና አደራ ማስረከብ አንድ አይደሉም። የግምጃ ቤት ሹም ሲለወጥ ዕቃው ተቆጥሮ፥ አስረካቢና ተረካቢ ፈርመው ይለያያሉ እንጂ፥ የአዲሱ ሹም ስም በበሩ ላይ ስለ ተለጠፈ ብቻ ተረከበ አይባልም።

በዚህ ረገድ ሦስት አደጋዎች ይታያሉ። አንደኛው የስም መመሳሰል ነው፤ በአገራችን በስምና በአባት ስም የሚገናኙ ሰዎች ብዙዎች ስለሆኑ፥ ወኪሉ መዝገቡን ለማይመለከተው ሰው ሊሰጥ ይችላል። ሁለተኛው የመግቢያው ቁልፍ ነው፤ ወኪሉ የሚሠራው ለሁሉ በሚያገለግል የጋራ ቁልፍ ከሆነ፥ በታሪክ መዝገቡ የሚጻፈው የወኪሉ ስም እንጂ ያዘዘው ሹም ስም አይሆንም። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ በምርመራ በተያዘ ደብዳቤ ውስጥ «ይህን መዝገብ ለሌላ አስተላልፍ» የሚል ቃል ተሸሽጎ ቢገኝ፥ ማስረጃውን የሚያነበው ወኪል ያን ቃል ከአለቃው ትእዛዝ ሳይለይ ሊፈጽመው ይችላል። ይህም ተጠርጣሪው መርማሪውን ራሱ እንደ ሾመ የሚያስቆጥር ነው።

በእንግሊዝ አገር የነበረው የፖሊስ አዛዦች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ፥ በዲጂታል ማስረጃ ላይ የተሠራው ሁሉ ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችል አኳኋን እንዲመዘገብ፥ ለሕጉም መከበር የምርመራው መሪ ኃላፊ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። በአገራችንም የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለው ማስረጃ በፍርድ ቤት እንዲቀርብ ሲፈቅድ፥ እውነተኛነቱን የማስረዳቱን ሸክም በአቅራቢው ላይ አድርጓል። እንግዲህ ማስረጃው በማን እጅ እንደ ቆየ፥ በማንስ ትእዛዝ እንደ ተላለፈ መናገር ያልቻለ አቅራቢ ይህን ሸክም በምን ይችለዋል?

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ወኪሉ ያዘጋጅ፥ ሰው ይፍቀድ። የመዝገቡ ቁጥር፥ የአስረካቢውና የተረካቢው ስም ከመለያ ቁጥራቸው ጋራ ለአለቃው ቀርቦ እርሱ ሳይፈቅድ አንዳች አይለወጥ። ወኪሉም ካዘዘው ሹም ሥልጣን ያለፈ ሥልጣን አይሰጠው። ተረካቢው መዝገቡን አይቶ «ተረክቤያለሁ» እስኪል ድረስ አለቃው ራሱ ተጠያቂ ይሁን። የለውጡ ምክንያትና ሰዓት ይጻፍ፤ የቀድሞው ባለቤት ስምም ከታሪክ መዝገቡ አይፋቅ።

ወኪል የላኪውን ቃል ያደርሳል እንጂ በላኪው ፈንታ በፍርድ አደባባይ ቆሞ አይጠየቅም። በእስር ቤት ቀጠሮውን የሚጠባበቀው ተጠርጣሪና ገንዘቡን ተዘርፎ ደጅ የሚጠናው ተበዳይ «ጉዳዬን የያዘው ማን ነው?» ብለው ሲጠይቁ፥ የሚሰጣቸው መልስ የሰው ስም ሊሆን ይገባል።