ሽርሽሩ የሁሉ፣ ማጀቱ የእናት?



ውድ አንባቢያን! ሐምሌ ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ሠራተኛውም የዓመት ፈቃዱን መቁጠር ሲጀምር፣ በብዙ ሙስሊም ቤቶች ውስጥ አንድ ዓይነት ወሬ ይነሳል። «ዘንድሮስ ሁለት ሦስት ቀን ወጣ ብለን አየር እንቀይር» ይባላል። አባት ይስማማሉ። ተመርቀው ሥራ የያዙት ልጆች ይደሰታሉ። ያገቡትም «ከነቤተሰባችን እንመጣለን» ይላሉ። ከዚያም «ምን እንበላለን?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። መልሱ ሁሉም አፍ ላይ ነው፦ «እማዬ ታዘጋጃለች!»

ለምን እማዬ ብቻ? እስቲ በቅን ልቦና እንመልከተው። እናት ከጉዞው በፊት ያሉትን ሁለት ሌሊቶች ሽንኩርት ስታቁላላ፣ ዶሮ ስታጥብ፣ እንጀራ ስትጋግር ታድራለች። በጉዞው ቀን ከሁሉ በፊት ተነስታ ዕቃ ትቋጥራለች። ሐይቁ ዳር ሲደረስ ልጆቿ ወደ ውኃው፣ ባለቤቷም ወደ ጥላው ሲሄዱ፣ እሷ ከሰሉን ታቀጣጥላለች። ማታ ሰሐን ታጥባለች። ቤት ስትመለስ ደግሞ የሦስት ቀን ልብስ ይጠብቃታል። ይህ ሽርሽር አይደለም፤ ማጀትን በመኪና ጭኖ ወደ ሌላ ከተማ መውሰድ ነው!

ይህን ስንል «ታዲያ ምን ይደረግ? በየሆቴሉ ያገኘነውን እንብላ?» የሚሉን አይጠፉም። መልሳችን ግልጽ ነው። በሐላል ጉዳይ ድርድር የለም። ነገር ግን ሐላል መብላት የቤተሰቡ ሁሉ ግዴታ ሆኖ ሳለ፣ ሸክሙ በአንዲት ሴት ጀርባ ላይ ብቻ የሚጫንበት ምክንያት የለም። ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን የደረሰ ሙስሊም ሁሉ ሶላቱንና ጾሙን ራሱ እንደሚጠየቅበት፣ ወደ ሆዱ ስለሚያስገባውም ራሱ ይጠየቅበታል። የ25 ዓመት ወጣት ሶላቱን እናቱ እንድትሰግድለት አይጠብቅም። ምግቡ ሐላል መሆኑን ማረጋገጡን ለምን ለእሷ ይተዋል?

ሌሎች ደግሞ «መንገድ ላይ ነን፤ ቢስሚላህ ብለን ከበላን ይበቃል» በማለት በሌላኛው ጫፍ ይቆማሉ። እነዚህ ወገኖች ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት በእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በኩል የተላለፈውን ሐዲስ ነው። ይሁንና በዚያ ሐዲስ ጥያቄ የተነሳበት ሥጋ ያመጡት እስልምናን በቅርቡ የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። ጥርጣሬው «የአላህን ስም አንስተው ይሆን?» የሚል እንጂ «ያረደው ማን ነው?» የሚል አልነበረም። አራጁ ከማይታወቅ ሥጋ ጋር ማነጻጸር ነገርን ከቦታው ማንሳት ነው። በመብላት ጊዜ የሚባል ቢስሚላህ የተበላሸን እርድ አያስተካክልም።

በአገራችን ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ለየብቻ አርዶ ለየብቻ የመብላት ልማድ ዘመናት ያስቆጠረ ነው። ነገር ግን ይህ ልማድ ያስተማረን ሌላም ቁም ነገር አለ። በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች ክርስቲያን ጎረቤት ሠርግ ሲደግስ ሙስሊም አራጅ ጠርቶ፣ ድስቱንና ሰሐኑን ለይቶ፣ ለሙስሊም እንግዶቹ የተለየ ድግስ ያዘጋጃል። ሙስሊሙም በተራው ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ያልጠየቅነውን ሰው እንዲህ ከተጠነቀቀልን፣ ገንዘብ ከፍለን የምናድርበትን ሆቴል አስቀድመን ስልክ ደውለን «የሙስሊም ሥጋ አላችሁ? የሚጠበስበት ዘይት ለብቻው ነው?» ብለን መጠየቅ ምኑ ያሳፍራል? የሚያሳፍረው ሳይጠይቁ ሄዶ እናትን ምድጃ ዳር ማስቀመጥ ነው።

«በመንገድ ላይ ሐላል አይገኝም» የሚለውም አባባል አያስኬድም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውን ሐዋሳን ለምሳሌ እንውሰድ። በመንገዱ ላይ በመቂ፣ በባቱ (ዝዋይ) እና በሻሸመኔ የሙስሊም ምግብ ቤቶች አሉ። ሐዋሳ ስንደርስ ደግሞ አላህ (ሱ.ወ.) በሐይቁ ውስጥ ያዘጋጀልን ሲሳይ አለ። ዓሣ እርድ አያስፈልገውም። በሱረቱል ማኢዳህ የውኃ አደን የተፈቀደልን መሆኑ ተገልጿል። በአሞራ ገደል ትኩሱን ቆሮሶ ገዝቶ በንጹሕ ዘይት ማስጠበስ የማንም አዋቂ ልጅ ሥራ ሊሆን ይችላል። ጉዞው ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው ጊዜ ከሆነ ደግሞ ክርስቲያን ወገኖቻችን ፍልሰታን የሚጾሙበት ወቅት ስለሆነ፣ ምስርና ሽሮ፣ ጎመንና አትክልት በየምግብ ቤቱ ይገኛል። ብቻ ሽሮው ቦዘና እንዳይሆን መጠየቅ ነው፤ ቦዘና ሥጋ አለበትና።

ሥጋ ካማረንስ? በግ ወይም ዶሮ ገዝቶ ማረድ ነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ሐቅ እንናገር። ዲግሪ ይዘው ዶሮ ማረድ የማያውቁ ወንዶች ልጆች በየቤታችን ሞልተዋል። እናት ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚውን ወንድ «እባክህ እረድልኝ» ስትል እናያለን፤ ልጇ ግን ሳሎን ተቀምጧል! ሴት ያረደችው አይበላም የሚለው አስተሳሰብም ቢሆን ልማድ እንጂ ሸሪዓ አይደለም። አንዲት እረኛ ሴት ልትሞት የደረሰች በግ በድንጋይ ስለት ማረዷንና ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) እንድትበላ መፍቀዳቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። ስለዚህ ወንድ ልጃችሁንም ሴት ልጃችሁንም የእርድን ሥርዓት አስተምሩ።

ውድ አንባቢያን! የምግብ ጥንቃቄ በሐላልና በሐራም ብቻ አያበቃም። ዛሬ ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው የሌለበት ትልቅ ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። በሽርሽር ላይ ግን «ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?» የሚባል አደገኛ ቃል አለ። ስኳር ላለባቸው አባት ለስላሳ ይከፈትላቸዋል፤ በአንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ የሚሆን ስኳር መኖሩን ማንም አያስብም። ደም ግፊት ላለባት እናት ጨው የበዛበት ጥብስ ይቀርብላታል። «አይሆንልኝም» ስትል «የእኔን ጉርሻ እምቢ አልሽ?» ተብላ ትገደዳለች። ይህ ፍቅር አይደለም። ሰውነት አላህ የሰጠን አማና ነው። አላህ ለበሽተኛ ጾምን ያህል ታላቅ ዒባዳ አዝኖ ካቀለለለት፣ እኛ ማን ሆነን ነው በሽተኛን በጉርሻ የምናስገድደው?

ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ምሳው «ትንሽ እንለፍና እንበላለን» እየተባለ ሊገፋ አይገባም። ምግብ ሲዘገይበት ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላልና ቴምር ወይም ስኳር ከኪሱ መለየት የለበትም። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት ኢንሱሊንን በቆመ መኪና ውስጥ መተው መድኃኒቱን ያበላሸዋል፤ በበረዶ እንዲቀዘቅዝ ማድረግም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ማስታወስ ያለበት በሽተኛው ብቻ ነውን? ስልኩን ሦስት ጊዜ ቻርጅ ማድረጉን የማይረሳ ልጅ የአባቱን መድኃኒት ለምን ይረሳል?

እንግዲያውስ መፍትሔው ምንድን ነው? ሹራ ነው። አላህ (ሱ.ወ.) አማኞችን ጉዳያቸው በመካከላቸው በምክክር እንደሆነ ገልጾ አወድሷቸዋል። ከጉዞው ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድማችሁ ተቀመጡ። በመጀመሪያ ማን ምን እንደማይበላና በስንት ሰዓት መብላት እንዳለበት በወረቀት ጻፉ። ቀጥሎ ማዕዱን ቁጠሩ። በምሳ ሰዓት ተደርሶ በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ የሚመለስ ቤተሰብ ሰባት ማዕድ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አራት አዋቂ ልጆች ካሉ፣ ሰባቱን ማዕድ ለአራት ማካፈል ከባድ ሒሳብ ነውን? አንዱ ሆቴሉን ጠይቆ ያረጋግጥ፤ አንዷ ዓሣውን ትያዝ፤ ሌላው ዶሮውን ይረድ፤ አንዷ ዳቦ፣ ቆሎና ጭኮ ይዛ ትምጣ። ደመወዝተኞቹ ወጪውን እንደየአቅማቸው ይጋሩ። አባት ለሽርሽር ብለው ብድር ውስጥ መግባት የለባቸውም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ገና በመጀመሪያው የሥራ ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ለወላጅ መስጠት አይከብድም።

ሶላትንም አትርሱ። ብዙ ዑለሞች 80 ኪሎ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ የሚጓዝ ሰው ባለ አራት ረከዓ ሶላቶችን ወደ ሁለት ማሳጠር እንደሚችል ይገልጻሉ። ሐዋሳ ለሦስት ቀን የሚሄድ ቤተሰብ ይህን የአላህ ስጦታ ያገኛል። አላህ በሶላት ላይ እንኳ ለመንገደኛ ሸክም ሲያቀል፣ እኛ በመንገድ ላይ የእናትን ሸክም እጥፍ ማድረጋችን አይገርምምን?

«እናት እኮ ለልጆቿ ስታበስል ደስ ይላታል» የሚለው የመጨረሻው መከላከያ ነው። ደስ ይላት ይሆናል። ግን ሌላ ምርጫ ሰጥታችኋት ታውቃላችሁ? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ውስጥ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነግራናለች። መልካም ሊውሉለት የሚገባው ሰው ማን እንደሆነ ሲጠየቁም እናትን ሦስት ጊዜ አስቀድመው አባትን በአራተኛ ደረጃ ጠቅሰዋል። የአላህን መልእክተኛ የቤት ሥራ ካላሳፈራቸው፣ ዛሬ ሰሐን ማጠብ የሚያሳፍረው ጎረምሳ ከማን ተምሮ ነው?

ወላጆች ሆይ! እናንተም ድርሻ አላችሁ። ሠላሳ ዓመት የሞላውን ልጅ እንደ ሕፃን አትያዙት። «ተዉ እኔ እሠራዋለሁ» ማለቱን ትታችሁ ኃላፊነቱን ስጡት። በመጀመሪያው ዓመት ዓሣው ሊያርበት፣ እንጀራውም ሊጎድል ይችላል። ምንም አይደለም! አላህ ነገ ከእናንተ በኋላ በልጆቻችሁ ቤት ሐላል እንዲቀጥል ከፈለጋችሁ፣ ሐላልን ፈልገው ማግኘትን ዛሬ እናንተ እያላችሁ ይልመዱት።

ዘንድሮ ስትወጡ እናታችሁ ከሐይቁ ዳር ተቀምጣ፣ ሻይዋን ሌላ ሰው ቀድቶላት፣ የሰውን ልጅ ሳቅ ትስማ። አላህ ወላጆቻቸውን ከሚያሳርፉ፣ ሲሳያቸውንም ከሚያጠሩ ባሮቹ ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።