ሰውየው ጠፋ፤ መጽሐፉ ግን አልጠፋም

ውድ እኅቶቼ፣ ዛሬ በዚህ ዓምድ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጋዜጠኛና ስለ አንድ መጽሐፍ ነው። «እኛ ለመተኛት እንኳ ጊዜ አጥተናል፣ መጽሐፍ ምናችን ነው?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግድ የለም፣ እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ። ነገሩ የኋላ ኋላ ወደ እናንተው ይመጣል።

ወሬው የተነሣው እዚሁ ናይፍ ነው። የዕረፍት ቀን ያገኘን ጥቂት እኅቶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ተሰብስበን ቡና ተፈልቶ ነበር። ከታች የገበያው ጫጫታና ካርቶን የሚጭኑት የካርጎ ሠራተኞች ድምፅ ይሰማል። ከመካከላችን አንዷ ከቦርሳዋ ጠርዙ የተበላ መጽሐፍ አወጣችና ጮክ ብላ ታነብልን ጀመር። መጽሐፉ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። አቦሉ በየስኒው ቀዘቀዘ። ውኃ ለመጠጣት ባቆመች ቁጥር «ቀጥይ እንጂ!» ይሏታል። ከእኛ ጋር ማንበብ የማይችሉ ሁለት እኅቶች ነበሩ፤ ከሁላችንም አብልጠው የሚያዳምጡት እነሱ ነበሩ። በመጨረሻ ከሁለቱ አንዷ ቀና ብላ «ይህን የጻፈው ሰው አሁን የት ነው ያለው?» ብላ ጠየቀች።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ምክንያቱም ይህን ጥያቄ ባለቤቱም ልጆቹም አገሩም ከአርባ ዓመት በላይ ጠይቀውታል። መልስ የሰጣቸው ግን የለም።

በዓሉ የተወለደው ኢሉባቦር ውስጥ ሱጴ በምትባል ቦታ ነው። አባቱ ሕንዳዊ ነጋዴ ነበሩ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት። በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም በጄኔራል ዊንጌት ተማረ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎችን ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር። አሜሪካ ሚሺጋን ሄዶም በጋዜጠኝነት ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሕይወቱ ሁሉ ወረቀትና ቀለም ሆነ። የመነን መጽሔት፣ የአዲስ ሪፖርተር፣ የኢትዮጵያን ሄራልድና የአዲስ ዘመን አዘጋጅ ሆኖ ሠርቷል። በደርግ ዘመን በማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከ መሆን ደረሰ።

ይህ ሰው ቀን ቀን ዜና ያዘጋጃል፣ ከሥራ ሲመለስ ልብ ወለድ ይጽፋል። በ1962 ዓ.ም. «ከአድማስ ባሻገር» ወጣ። ከዚያ «የኅሊና ደወል»፣ «የቀይ ኮከብ ጥሪ»፣ «ደራሲው» እና «ሐዲስ» ተከተሉ። ጋዜጠኛ ሳለ ለምን ልብ ወለድ አስፈለገው? ጋዜጣ የሚይዘው የታዘዘውን ያህል ነውና። በዚያ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚወጣው ድል፣ ጭብጨባና መፈክር ነበር። ጋዜጠኛው ግን ዓይን አለው፣ ያያል። ጆሮ አለው፣ ይሰማል። ያየውን በዜና መልክ ማውጣት ካልቻለ በተረት መልክ ያወጣዋል።

በ1974 ዓ.ም. መንግሥት ኤርትራ ላይ የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚባለውን ከፈተ። ከአዲስ አበባ ሹማምንትና ባለሙያዎች ወደ አስመራ ሲወርዱ በዓሉም አብሮ ሄደ። ሥራው ዘመቻውን ማስተዋወቅ ነበር። የጦርነቱ ዋና ዓላማ ናቅፋን መያዝ ነበር፤ ናቅፋ ግን አልተያዘችም። ብዙ የእናት ልጅ እዚያ ተራራ ላይ ቀረ። በዓሉም ያየውን ይዞ ተመለሰና በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አወጣ።

«ኦሮማይ» ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰዎች አፍ የገባ ቃል ነው፤ «በቃ፣ አበቃ» እንደ ማለት ነው። ታሪኩን የሚተርከው ጸጋዬ ኃይለማርያም የሚባል ጋዜጠኛ ነው። እጮኛውን ሮማንን አዲስ አበባ ትቶ አስመራ ይሄዳል፤ እዚያም ፊያሜታ ግላይ የምትባል ቆንጆ ልቡን ትወስደዋለች። ከፍቅሩ ጎን ለጎን የስለላ ታሪክ ይሄዳል። ማን የማን ሰላይ እንደ ሆነ አይታወቅም፤ ቡና የሚጋብዝህ ሰው ነገ ሊያስገድልህ ይችላል። የወንጀል ታሪክ የሚወድ አንባቢ አንዴ ከያዘው አያስቀምጠውም። መጨረሻውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ድረሱበት።

አደጋው ግን ስለላው ላይ አልነበረም። መጽሐፉ የሹማምንቱን ግብዝነት፣ የዘመቻውን ከንቱነት፣ የሞተውን ወታደር ሁሉ አሳየ። ስም ተቀይሮ ቢቀርብም አንባቢ ማን ማን እንደ ሆነ ለየ። ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ቀን ውስጥ ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉም ከሥራው ተባረረ። ሰው ግን መጽሐፉን በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ከልብስ ሥር ደብቆ፣ ሌሊት ሌሊት እየተዋሰ አነበበው።

የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. በዓሉ ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። ቮልስዋገን መኪናው ቃሊቲ አካባቢ በደብረ ዘይት መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። እሱ ግን አልተገኘም። ባለቤቱ ከቢሮ ቢሮ ብትጠይቅ የሚመልስላት አልነበረም። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ እስር ቤቶች ተከፈቱ፤ በዓሉ ግን ከአንዱም አልወጣም። እስከ ዛሬ መቃብሩ አይታወቅም።

እኅቶቼ፣ በአገራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ይለቀሳል፣ እዝን ይመጣል፣ ተዝካር ይወጣል። ሐዘን ወግ አለው፤ ወጉም ያጽናናል። የጠፋ ሰው ቤተሰብ ግን ይህም የለውም። «ሞቷል» ብሎ ማልቀስ በቁሙ መቅበር ይመስላል፤ «አለ» ብሎ መጠበቅ ደግሞ በየቀኑ መሞት ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ልብ ይዘላል። ይህን ከእኛ ይልቅ የሚያውቀው የለም። ልጇ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባት እናት በየቀበሌው አለች።

አሁን ወደ መድረኩ ልውሰዳችሁ። ከጋዜጣ ወደ ልብ ወለድ የተሻገረው በዓሉ ብቻ አይደለም። የጎንደሩ ብርሃኑ ዘሪሁንም የአዲስ ዘመን አዘጋጅ ነበር። አጭር አጭር በሆነው የጋዜጠኛ ዐረፍተ ነገሩ ልብ ወለዶችን ጻፈ፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የፈነዳውን አብዮት «ማዕበል» ብሎ በሦስት መጽሐፍ ተረከው። ከዚያ ደግሞ ወደ ቴአትር አለፈ፤ «ሞረሽ»፣ «ጣጠኛው ተዋናይ» እና «ባልቻ አባ ነፍሶ» የእሱ ተውኔቶች ናቸው። ሌላው ማሞ ውድነህ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ በልጅነቱ ወላጆቹን ያጣ የወሎ ሰው ሲሆን በጋዜጠኝነት ሠርቷል። እንደ «ሰላዩ ሬሳ» እና «የእኛ ሰው በደማስቆ» ባሉ የስለላ መጻሕፍቱ ስንቱን ወጣት እንቅልፍ አሳጥቷል። እሱም ወደ ተውኔት ተሻግሮ ስለ ራስ አሉላ «አሉላ አባ ነጋ»ን ጽፏል።

እነዚህ ሰዎች በመጽሐፍ ስማቸው ገንኖ ሳለ መድረክ ለምን አስፈለጋቸው? የመጽሐፍ በር ለማንበብ ለሚችል ብቻ ነው የሚከፈተው። መድረክ ግን ፊደል ያልቆጠረውንም ያስተናግዳል። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያያል፣ ይሰማል፣ ያለቅሳል፣ ይፈርዳል። ሬዲዮም እንዲሁ ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ፊደል የማያውቁ እናቶች ሳይቀሩ ሥራቸውን አቁመው ያዳምጡት ነበር።

እንግዲህ ያቺ የናይፍ ክፍል ምን ነበረች? መድረክ ነበረች። መጋረጃ የላትም፣ መብራቷም አንድ አምፖል ነው። አንዷ ግን አነበበች፣ ስድስት ሰው ሰማ። በአንድ ወቅት ሊጠፋ የተፈለገ መጽሐፍ ከአስመራና ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ እዚህ ድረስ መጣ። በ2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደንና በኒው ዮርክ ታትሟል። ሰውየውን አጠፉት፤ የጻፈውን ግን ማጥፋት አልቻሉም።

ይህን ሁሉ ያወጋኋችሁ ለዚህ ነው። እኅቴ ሆይ፣ አንቺም ጻፊ። ደራሲ ሁኚ አላልኩሽም። እንዳትጠፊ ጻፊ።

የማውቃቸው ሁለት እኅቶች ነበሩ። ሁለቱም ደመወዝ ተከልክለው አቤት አሉ። አንደኛዋን «ከየትኛው ወር ጀምሮ ነው ያልተከፈለሽ? ስንት ተቀብለሻል?» ብለው ሲጠይቋት አለቀሰች እንጂ መልስ አልነበራትም። ቀኑ ሁሉ ተመሳስሎባት ነበር። ሁለተኛዋ ግን በቀን መቁጠሪያ ጀርባ፣ በእርሳስ፣ ወር በወር ጽፋ ይዛ ነበር፤ «ይህን ቀን ይህን ያህል ሰጡኝ፣ ይህን ወር አልሰጡኝም» ብላ። ያቺ ቅጠል ወረቀት ከብዙ እንባ በላይ ተናገረችላት።

ጋዜጠኛ ዜና ሲሠራ አምስት ነገር ይጠይቃል፤ ማን? ምን? መቼ? የት? ለምን? አንቺም እነዚህን ያዢ። ትንሽ ደብተር ይኑርሽ። ሥራ የጀመርሽበትን ቀን፣ ደመወዝ የተቀበልሽበትን ቀንና መጠኑን፣ ያመመሽን ቀን፣ የተሰደብሽ ወይም የተመታሽ እንደ ሆነ የሆነውን እንደ ሆነው ጻፊ። አትጨምሪ፣ አትቀንሺ። ቢሮዎቹ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ስለማያውቁ ቀኑን በፈረንጁም አድርገሽ ጻፊው። የኮንትራትሽንና የፓስፖርትሽን ቅጂ አንድ ለምታምኛት እኅት፣ አንድ ደግሞ ለአገር ቤት ላኪ። የአሠሪዎችሽን ስም፣ ስልካቸውንና የሰፈሩን ስም አብረሽ ላኪ። ቤት ስትቀይሪ በዚያው ቀን አሳውቂ። የአንቺ ድምፅ ቢጠፋ የሚፈልግሽ ሰው ከየት እንደሚጀምር ይወቅ።

ደግሞም ሕጉን እወቂ። በዚህ አገር በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ አሠሪ ፓስፖርትሽን እንዳይዝብሽ ይከለክላል፤ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀንም ይሰጥሻል። ይህን ማወቅ ጠብ ማንሣት አይደለም፤ በትሕትና ለመጠየቅ መሠረት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። የጻፍሽውን ለራስሽና ለሚመለከተው ቢሮ አቆዪው። የማዳምን ቤት፣ የልጆቹን ፊት ወይም ጠብ በስልክ ቀርጸሽ ሰው ሁሉ እንዲያየው አትልቀቂ። ፍትሕ የፈለግሽበት ቪዲዮ አንቺኑ ሊያስከስስ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ሰውን መቅረጽና ማሠራጨት እዚህ በሕግ ያስቀጣል። በዓሉ ዋጋውን እያወቀ ጻፈ፣ ከፈለም። እኔ ግን አንቺን የምፈልግሽ በጤናሽ አገርሽ ገብተሽ፣ ደብተርሽን ለልጅሽ ስታነቢ ነው።

በመጨረሻ ለምታነቡ እኅቶች አደራ አለኝ። በዕረፍት ቀናችሁ ከግብይቱና ከስልኩ መካከል ግማሽ ሰዓት ቀንሱና ለማታነበው እኅታችሁ አንብቡላት። ደብዳቤዋን ጻፉላት፣ ኮንትራቷን አስረዷት፣ ፊደል ከፈለገችም ሀ ሁ አስቆጥሯት። ያቺ «የጻፈው ሰው የት ነው ያለው?» ብላ የጠየቀችው እኅት አሁን ደብተር ገዝታለች። ለጊዜው የምትጽፈው ስሟን ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት አሳየችኝ፤ ገጹን ከላይ እስከ ታች በስሟ ሞልታዋለች።