ስለ ልጃገረዶች ጋብቻና ስለ ምርምር ጥቅም

አገር የሚያስተዳድር ሹም ስለ ሕዝቡ ኑሮ የሚናገረው ከሰማው ነውን ወይስ ከመረመረው? ይህን ጥያቄ ማንሣታችን ስለ ልጃገረዶች ጋብቻ በየጉባኤው የሚነገረው ቃል ብዙ ሆኖ ሳለ፥ የተመረመረውን ፈልጎ የሚያነብ ግን ጥቂት ስለ ሆነ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ወስኖት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ይህንኑ ተከተለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም ልጅቱ 13 ዓመት ያልሞላት እንደ ሆነ እስከ 7 ዓመት፥ ከዚያ በላይ እንደ ሆነ እስከ 3 ዓመት የሚደርስ እስራት ደነገገ። ሕጉ ይህን ያህል ጽኑ ሆኖ ሳለ፥ በ2008 ዓ.ም. በአገሩ ሁሉ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶው 40 ያህሉ 18 ሳይሞላቸው፥ 14 ያህሉም 15 ሳይሞላቸው እንደ ተዳሩ አሳየ።

እንግዲህ የሕጉ ቃልና የባላገሩ ሥራ ስለ ምን ተለያዩ? ብዙ ሹማምንት «ባላገሩ ስላላወቀ ነው» ይላሉ። ይህ መልስ ለመላሹ የሚመች ነው፤ ምክርና ደብዳቤ ብቻ ይበቃል ያሰኛልና።

በአማራ ክልል ሞሰቦ በምትባል የገጠር መንደር ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ የክልሉ የወጣቶችና የስፖርት ቢሮ ከፖፑሌሽን ካውንስል ጋር ሆኖ «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ሥራ ሠርቶ ነበር። የስሙን ትርጓሜ ለካህናት አንባቢዎቻችን መንገር አያሻንም። ላልተዳሩት ልጃገረዶች ደብተርና እስክሪብቶ ይሰጣቸው ነበር፤ ከትምህርት ቤት የቀሩትም በማኅበር ተሰብስበው ይማሩ ነበር። ወላጆችም ልጃቸውን ሳይድሩ ሁለት ዓመት ቢያቆዩ አንዲት ፍየል እንዲቀበሉ ተስማሙ። በፍየሊቱ የሚሥቅ ሰው ቢኖር፥ ለደብተር መግዣ ያጣ ባላገር ቤት ገብቶ አያውቅም ማለት ነው። ሁለቱ ዓመታት ሲፈጸሙ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት የሞሰቦ ልጆች፥ ሥራው ካልደረሰበት ቀበሌ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ፥ የመዳራቸው ዕድል ወደ አንድ ዐሥረኛ ወርዶ ተገኘ።

ከዚያው ጥናት ውስጥ ግን በየስብሰባው የማይነሣ ሌላ ውጤት አለ። ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል በሞሰቦ ያገቡት ከሌላው ቀበሌ ይልቅ በዝተው ተገኙ። አጥኚዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ እኛም የምርምርን ክብር የምናየው በዚህ ነው። እንደ መሰለን፥ አባት ሠርጉን ለጥቂት ዓመት አቆየው እንጂ አሳቡን አልለወጠም። ሕጉም 15 ሳይሆን 18 ያለው ስለ ሆነ፥ ሥራው በእኩሌታ ቀርቷል ማለት ነው። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ በተደረገው ሁለተኛ ጥናት ይህ ጉድለት ታሰበበት። ከ12 እስከ 14 ዓመት ላሉት የትምህርት ዕቃ መስጠት እጅግ ጠቀመ፤ ከ15 እስከ 17 ላሉት ግን ሳያገቡ ትምህርታቸውን ለተማሩበት ለእያንዳንዱ ዓመት ሁለት ዶሮ የተሰጠባቸው መንደሮች የጋብቻውን ዕድል በእኩሌታ ያህል ቀነሱት። ለታናሺቱ የሚሆነው መድኀኒት ለታላቂቱ አይበቃም።

ደብተሩም ቢሆን የሚጠቅመው ትምህርት ቤቱ ክፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች መዘጋታቸውን እያወቅን፥ የልጃገረዶቹን ነገር ለሴቶች ጉዳይ ክፍል ብቻ መተው ትክክል አይመስለንም።

ለካህናት የምንለው አለን። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ አስቀድሞ ድንግሊቱን በሥርዐት እንዲያገባ ታዟል። ነገር ግን ሥርዐቱ ድንግልናን ጠየቀ እንጂ ሕፃንነትን አልጠየቀም። በገጠር አንዳንድ ወላጆች ለዲያቆኑ የዐሥር ወይም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የሚፈልጉለት፥ ድንግልናዋ እንዳያጠራጥር ብለው ነው። የ18 ዓመቷን ልጅ በንጽሕና መጠበቅ አይቻልም የሚል አባት፥ ልጁን ብቻ ሳይሆን ያሳደጋትን ቤት መክሰሱ ነው። ይህንንም ከንስሐ አባት የተሻለ ሊነግረው የሚችል የለም።

የዕድሜውም ነገር እንዲሁ ነው። ሕጉ 18 ይበል እንጂ የልጅቱ የልደት ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከሌለ፥ ዳኛው በሽማግሌ ቃልና በቁመቷ ግምት ይፈርዳል። የልደት ምዝገባ በመላው አገር የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ፥ ዛሬ ለጋብቻ የሚታጩት ልጆች አብዛኞቹ ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። ነገር ግን በክርስቲያኑ አገር ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች። ያጠመቀው ቄስና የክርስትና እናቷ በሕይወት ካሉ፥ በማን ዘመን በየትኛው በዓል ሰሞን እንደ ተጠመቀች አይጠፋቸውም፤ ከዚያ 80 ቀን ወደ ኋላ መቍጠር ብቻ ነው።

ስለዚህ የወረዳ ሹማምንትና የአጥቢያ አለቆች ተነጋግረው፥ ከ10 ዓመት በላይ ያሉትን ያልተዳሩ ልጃገረዶች የክርስትና ዘመን ጽፈው አንዱን ቅጅ በቤተ ክርስቲያን፥ አንዱን በቀበሌ ቢያኖሩ፥ ወጪው የአንድ መዝገብ ዋጋ ነው። ሥራው ግን የጥር ሠርግ ሳይደርስ፥ ድንኳን ሳይተከልና ጠላ ሳይጠመቅ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ መፈጸም ይገባዋል።