«ውድቅ ተደርጓል» የሚለው ደብዳቤ የመጨረሻ ቃል አይደለም



ይህ ጽሑፍ በአሜሪካ ጦር ላገለገላችሁ፣ ልጆቻችሁም ላገለገሉ ወላጆች ነው። ለዓይን ሕመም የአካል ጉዳት ካሳ ጠይቃችሁ ከቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ቪኤ) «ውድቅ ተደርጓል» የሚል ደብዳቤ ሲመጣ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ አትክተቱት። እዚያ ይግባኝ መብት ነው።

ውድቅ መደረጉ «አልታመማችሁም» ማለት ላይሆን ይችላል። ቪኤ በመሠረቱ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ አሁን ያለ ሕመም፣ በአገልግሎት ጊዜ የደረሰ ጉዳት ወይም ሕመም፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ። ሦስተኛው ሲጎድል ጥፋቱ የእኛ የሐኪሞችም ነው። «ግላኮማ አለበት» ብለን እንፈርማለን፤ ከምን እንደመጣ ግን አንጽፍም።

ስለዚህ ሐኪማችሁን ጠይቁ። መቶ በመቶ እርግጠኛ መሆን አይጠበቅበትም። ሕመሙ ከአገልግሎቱ ጋር የመያያዝ ዕድሉ ቢያንስ 50 በመቶ ነው ብሎ ካመነ፣ ይህንኑ ከነምክንያቱ ይጻፍላችሁ። ስኳር ሕመማችሁ ከአገልግሎት ጋር የተያያዘ ተብሎ ከተመዘገበና ሬቲናችሁን ከጎዳ፣ ለዓይኑም መጠየቅ ትችላላችሁ። መነጽር የሚያስተካክለው ተራ የእይታ ችግር ግን ብቻውን አብዛኛውን ጊዜ አያስክስም።

ከ2019 ጀምሮ ሦስት መንገዶች አሉ፦

1. አዲስ ማስረጃ ካላችሁ ተጨማሪ ማመልከቻ (ቅጽ 20-0995)
2. ማስረጃው በቂ ሆኖ ስህተት ተሠርቷል ካላችሁ፣ ከፍ ያለ ባለሙያ እንደገና እንዲያየው (ቅጽ 20-0996)፤ እዚህ አዲስ ማስረጃ አይጨመርም
3. ለይግባኝ ቦርድ ዳኛ ማቅረብ (ቅጽ 10182)

ደብዳቤው ላይ ካለው ቀን ጀምሮ 1 ዓመት ሳይሞላ ጀምሩ። ካለፈ፣ በኋላ ቢፈቀድላችሁም ወደ ኋላ ተቆጥሮ የሚከፈለውን ገንዘብ ልታጡ ትችላላችሁ። ቅጹን ለመሙላት ቪኤ ዕውቅና የሰጣቸው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራት ተወካዮች በነፃ ያግዛሉ።

አንድ አደራ አለኝ። ውሳኔ እስኪመጣ ብላችሁ ጠብታውን እንዳታቋርጡ፣ ቀጠሮም እንዳታሳልፉ። ግላኮማ ብዙውን ጊዜ ሳያሳምም ነው የሚያጠፋው። የዘገየ ካሳ ሊከፈል ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ የዓይን ብርሃን ግን አይመለስም።

ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጡት፤ ለሚያስፈልገው ሰውም አጋሩ። ጤና ይብዛላችሁ!