ወንድሜ፣ ቪ8 ልምረጥልህ? እሺ፤ ግን መጀመሪያ ስማኝ

የዛሬው ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ልትሰድቡኝ የምትፈልጉም መጀመሪያ ጨርሱት።

ባለፈው ሳምንት አንድ ዘመዴ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ አንተ ፊዚክስ ታስተምራለህ፣ ስለ ሞተር ታውቃለህ። ገንዘቡ ሞልቷል። ምቾት ያለው፣ ትልቅ ሞተር ያለው፣ ያገለገለ መኪና ምረጥልኝ። ቪ8 ይሁን? ሌክሰስ ይሁን? ሬንጅ ሮቨር ይሁን? ከዚያ በታች አታሳየኝ» አለኝ።

ገንዘቡ ከየት እንደሞላ አውቃለሁ። ሁለት ወንድሞቹ ሚኒሶታ የሌሊት ፈረቃ ሠርተው የላኩት አለበት። እህቱ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ የላከችው አለበት። የናይሮቢ እቁብም አለበት። መልሱን በውስጥ መስመር ልሰጠው እችል ነበር። ግን ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት የጠየቀኝ እሱ ብቻ ስላልሆነ እዚሁ አደባባይ ላይ እመልሳለሁ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

አስቀድሜ ከሌሎቹ ጋር ልጨርስ። «ስደተኛ ምን ምቾት ያስፈልገዋል?» የምትሉ አላችሁ። ከእናንተ ጋር አይደለሁም። ስደተኛም ወገብ አለው። ከኪታሌ እስከ ሎድዋር ያለውን መንገድ በአሮጌ አውቶቡስ የተጓዘ ሰው ጥሩ ወንበር ቢመኝ ኃጢአት የለበትም። ሠርቶ፣ ነግዶ፣ ዕዳ ሳይኖርበት በገዛው መኪና ቢንደላቀቅ እኔ የመጀመሪያው አጨብጫቢ ነኝ። ጠቤ ከምቾት ጋር አይደለም። ጠቤ በምቾት ስም ከምንገዛው ነገር ጋር ነው።

እስቲ ይህ አምሮት ከየት እንደመጣብን እንነጋገር። ካኩማ የገባን ቀን መጀመሪያ ያየነው መኪና ምን ነበር? ነጩ ላንድክሩዘር። እኛ በፀሐይ ተሰልፈን፣ ጀሪካን ይዘን ስንቆም እሱ መስኮቱን ዘግቶ አቧራውን አልብሶን ያልፋል። ውስጡ የተቀመጠው ሰው ፋይላችንን የያዘ፣ ስማችንን የሚጠራ፣ «ሂድ» ወይም «ቆይ» የሚል ሰው ነው። እኛም በልባችን «አንድ ቀን እኔም አቧራ አስነሳለሁ» አልን። አገር ቤትም ቢሆን ቪ8 የመኪና ስም ብቻ አልነበረም፤ የባለሥልጣን ሌላ ስሙ ነበር። ሲመጣ መንገድ ይለቀቅለታል። ስለዚህ ዛሬ ቪ8 ስንል መኪናውን ማለታችን አይደለም፤ «ከእንግዲህ ማንም አያሰልፈኝም» ማለታችን ነው። ይህ ስሜት እኔም ውስጥ ስላለ ይገባኛል።

ነገር ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያ አቧራ ያለበሰን፣ ከኋላው ሰዎች ጎንና ጎን ፊት ለፊት የሚቀመጡበት ነጭ ላንድክሩዘር፣ ሞተሩ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ 6 ሲሊንደር፣ ያለ ተርቦ ነው። ጉልበቱ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ሚስቶች ልጅ የሚያደርሱበት ባለ 2 ሊትር ሀሪየር 150 ገደማ አለው! ያስፈራራን መኪና ጉልበቱ ከሀሪየር ያንሳል። ምቾቱንማ ከኋላው የተቀመጡትን ጠይቋቸው፤ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚወርዱት። ያ መኪና የተመረጠው ጠንካራ ስለሆነና የትም መንደር የሚጠግነው ስለማይጠፋ ነው። እኛ ግን የሥራ ዕቃን የክብር ዕቃ አድርገን አየነው።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። ላንድክሩዘር 200፣ ያው «ቪ8» የምንለው፣ ከ2007 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የተመረተው ነው። ከጃፓን የሚመጣው ባለ 4.6 ሊትር ቤንዚን 318 ፈረስ አለው። ክብደቱ 2.6 ቶን ገደማ ነው። ይህን መኪና በሜዳ መንገድ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለማስኬድ ስንት ፈረስ ይበቃል? ከ30 አይበልጥም። ተማሪዎቼ የአየር ግፊቱንና የጎማውን ሰበቃ ደምረው ማስላት ይችላሉ። የቀሩት 290 ፈረሶች ምን ይሠራሉ? ዳገት ላይና ሰው ስትቀድም ለጥቂት ሰከንድ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ውጭ ቆመው ይቀለባሉ። የኢስትሊ መጨናነቅ ውስጥማ አንዱም አይሮጥም።

ምቾት ከሞተር አይመጣም ወንድሜ። ምቾት ከሞላው፣ ከሾክ አብዞርበሩ፣ ከጎማው፣ ከወንበሩና ከጸጥታው ነው የሚመጣው። ትልቅ ሞተር የሚሰጥህ ድምፁንና ቤንዚን ቤት ሰልፍ ላይ ደጋግሞ መታየትን ነው።

ሒሳቡን እንሥራ። ከተማ ውስጥ በሊትር 6 ኪሎ ሜትር ከሄደልህ ጎበዝ ነው። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ብትነዳ 167 ሊትር ነው። ሊትሩን በ180 ሽልንግ ያዘው፤ በወር 30,000 ሽልንግ ገደማ። የሁለት ወሩ 60,000 ነው። የኬንያ መንግሥት ለብሔራዊ አዳሪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተመነው የዓመት ክፍያ ስንት ነው? 53,554 ሽልንግ። አንድ ልጅ ዓመት ሙሉ የሚማርበትን፣ የሚበላበትንና የሚያድርበትን ገንዘብ በሁለት ወር በጭስ ማውጫ ታስወጣዋለህ ማለት ነው። ዘይቱን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን ገና አልቆጠርኩም።

ቀረጡም አለ። ኬንያ ውስጥ ከ3,000 ሲሲ በላይ የሆነ የቤንዚን መኪና፣ ከ2,500 ሲሲ በላይ የሆነ የናፍጣ መኪና ኤክሳይዝ ታክሱ 35 በመቶ ነው። ከ1,500 ሲሲ በላይ ሆኖ ከዚያ የሚያንሰው 25 በመቶ ነው። ይህ የሚሰላው ከጉምሩኩ ቀረጥ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ 16 በመቶ ቫት ይጨመራል። ከ8 ዓመት በላይ ያለፈው መኪና ደግሞ አገር ውስጥ አይገባም። ቪ8 መመረት ያቆመው በ2021 ስለሆነ፣ በየዓመቱ ከውጭ የሚመጣው እየቀነሰና እየተወደደ ይሄዳል። ስለዚህ ደላላው «ርካሽ ቪ8 አገኘሁልህ» ካለህ፣ እዚሁ ሁለትና ሦስት ባለቤት የጨረሰውን ነው ያገኘልህ።

አሁን ስለ እኔ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ንጹሕ ሆኜ አይደለም። ከጥቂት ዓመት በፊት የአክስቴ ልጅ ይህንኑ ጥያቄ ጠይቆኝ ነበር። የጉዞ ፈቃድ አውጥቼ ናይሮቢ ወረድኩና አብሬው ዞርኩ። ትልቅ ሞተር፣ የቆዳ ወንበር፣ ከፍ ዝቅ የሚል ሳስፔንሽን። የመኪናውን ዓይነት አልናገርም፤ ጥፋቱ የመኪናው አልነበረም፤ አርጅቶ ነበር። መሪውን ስይዝ፣ እውነቱን ልናገር፣ እንባዬ መጣ። በሰልፍ የቆምኩበት ዘመን ሁሉ የተካሰ መሰለኝ። «ይሄ ነው» አልኩት። አስተማሪ ተብዬው እኔ ነኝ ያልኩት።

በስምንተኛው ወር ሳስፔንሽኑ ተኛ። መለዋወጫው ሲጠየቅ ዋጋው የአክስቴን ልጅ የአንድ ዓመት የቤት ኪራይ በለጠ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ወረቀቱን ቶሎ ለመጨረስ ሲባል ሊብሬው የተመዘገበው በአንድ ወዳጅ ኬንያዊ ስም ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ግን ዕዳ ነበረበት። አበዳሪዎቹ ሲመጡ በስሙ ያለውን ንብረት ቆጠሩ። የአክስቴ ልጅ «የኔ ነው» ለማለት ምን ማስረጃ አለው? የሞባይል መልእክትና መሐላ! በስንት ሽማግሌ ተለምኖ መኪናው በግማሽ ዋጋ ተሸጠ፤ ከግማሹም ግማሹ ደረሰው። የዚያን ዓመት ታናሽ እህቱ የነርስነት ትምህርቷን አቋረጠች። ከዚያ ወዲህ በዓል ሲሆን ስደውልላት «እንኳን አብሮ አደረሰን ጋሼ» ትለኛለች፤ አንድም ቀን ወቅሳኝ አታውቅም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚሉት ይህን ነው። በሰው ስም፣ በሰው ላብ የተገዛ መኪና ያንተ አይደለም፤ አንተ ሾፌሩ ነህ።

የምትሉትን አውቃለሁ፤ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ቢዝነስ ነው፤ ለሠርግና ለዲያስፖራ እናከራየዋለን።» ለመሆኑ ሠርግ በሳምንት ስንት ቀን ነው? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሙሽራ የለም። ነሐሴ ፍልሰታ አለ፤ ከገና በፊት የነቢያት ጾም አለ። በእነዚህ ቀናት መኪናው ይጾማል እንዴ? ኢንሹራንሱም ፓርኪንጉም ይበላል።

«አንድ ቀን ይዤው አገሬ እገባለሁ።» የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ ነው፤ አገራችን ደግሞ የሚነዳው በግራ መሪ ነው። በዚያ ላይ ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላለች።

«ፕሮሰሴ ሲያልቅ ሸጬው እሄዳለሁ።» በጥር 2025 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የስደተኛ ቅበላውን ስታቆም ዕቃቸውን ሸጠው በረራ ሲጠብቁ የቀሩትን አይታችኋል። ፕሮሰሱ ሲመጣም እንዲሁ ድንገት ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚሸጥ ትልቅ መኪና ዋጋውን የሚያወጣው ገዢው እንጂ ሻጩ አይደለም።

«ክብር ነው።» እዚህ ላይ ቆም እንበል። መኪናው ከናይሮቢ ካኩማ ያለ ፈቃድ ይመጣል። ካምፑ ውስጥ የተመዘገበው ባለቤቱ ግን ከካኩማ ለመውጣት ወረቀት ይጠየቃል። ኬላ ላይ ፖሊስ ቪ8 ሲያስቆምና ከመሪው ጀርባ ስደተኛ ሲያገኝ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላችኋል? ሒሳብ ነው የሚያሰላው። እንድንከበር የገዛነው መኪና ይበልጥ እንድንታለብ ያደርገናል።

ውጭ ያላችሁ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን፣ እናንተንም ልናገር። «ከማን አንሼ» የጀመረው እዚህ ብቻ አይደለም። ፎቶ የምትለጥፉት እናንተ ናችሁ። በወር ክፍያ የተያዘውን መኪና ተደግፋችሁ ስትቆሙ፣ እዚህ ያለው ልጅ ወርሃዊ ክፍያውን አያይም፤ መኪናውን ብቻ ነው የሚያየው። ሌሊት እንደምትሠሩ፣ እግራችሁ እንደሚያብጥ ጻፉለት። ገንዘብ ስትልኩም «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ንፉግነት አይደለም።

አሁን ምርጫህን ልስጥህ፤ ቃሌን አላጥፍም።

ከተማ ውስጥ ከሆንክ ባለ 2 ሊትር ሀሪየር ግዛ። ጸጥ ያለ ነው፣ ወንበሩ ጥሩ ነው፣ መለዋወጫው በየጋራዡ አለ። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድልህ እንኳ ከቪ8 ጋር ያለው ልዩነት በወር 12,000 ሽልንግ ነው፤ በዓመት 144,000። ሁለት ተማሪ ከነመጽሐፋቸው ማለት ነው። ገጠር የምትመላለስ ከሆነ ፕራዶ ባለ 2.7 ቤንዚን ያዝ። ባለ 2.8 ናፍጣው በጉልበት ይሻላል፤ ግን ከ2,500 ሲሲ ስላለፈ ታክሱ ያው የቪ8ቱ ነው። ገንዘቡ የራስህ ከሆነና ትልቁን ካልገዛሁ ካልክ፣ በሞላ የሚሄደውን ላንድክሩዘር 200 ፈልግ። ሌክሰስ ኤልኤክስ 570 ባለ 5.7 ሊትር ሞተርና የሃይድሮሊክ ሳስፔንሽን ነው፤ ሬንጅ ሮቨር ደግሞ በአየር ነው የሚቆመው። ሁለቱም በአዲስነታቸው ድንቅ ናቸው፤ ሲያረጁ ግን ጥገናቸው የሀብታም ነው። የትኛውንም ስትገዛ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ አስነሣው። የጃፓኑን የጨረታ ወረቀት አስመጣና ኪሎ ሜትሩን አመሳክር፤ ወረቀቱ ላይ «አር» የሚል ደረጃ ካየህ የተጋጨና የተጠገነ ነው። መካኒኩን አንተ ምረጥ፤ ደላላው ያመጣልህን አትቀበል። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሊብሬው በራስህ ስም ካልሆነ አትግዛ፤ ወረቀቱ እስኪስተካከል ሦስት ወር ብትጠብቅም ጠብቅ።

የመጨረሻው ነገር። ክፍሌ ውስጥ ጎበዝ ተማሪዎች አሉኝ። በ2025 ራሽኑ ከመቼውም በላይ ሲቀነስ፣ ጠዋት ሳይበሉ መጥተው ስለ ኒውተን ሕግ የሚጠይቁኝ ልጆች ናቸው። አንዷ አምና የኬንያን የማጠናቀቂያ ፈተና ቢ ፕላስ አመጣች። ዛሬ የጓሮዬ ጎረቤት ሻይ ቤት ውስጥ ብርጭቆ ታጥባለች፤ የጎደላት የኮሌጅ ክፍያ ነው። ጠዋት ጠዋት ስታገኘኝ «ቲቸር፣ አዲስ ነገር አለ?» ትላለች። እኔም የለም እላለሁ።

ወንድሜ፣ ቪ8ቱን ከነቤንዚኑ ትተህ ሀሪየሩን ግዛ። ከልዩነቱ የመጀመሪያውን ዓመት ክፍያ ክፈልላት። መኪናህን ይዘህ ካኩማ ስትመጣ እኔ ራሴ በር ላይ ቆሜ እቀበልሃለሁ፤ እሷም ታውቅሃለች። አቧራ ሳታስነሣ የተከበርክ ሰው ትሆናለህ።

መልስህን እዚሁ ከታች ጻፍልኝ። ሌሎቻችሁም የተሳሳተ ቁጥር ካገኛችሁ አርሙኝ። ስድብ ያላችሁ በውስጥ መስመር፣ ክፍያ ለመጋራት የምትፈልጉም በውስጥ መስመር።